ጠቅ ጠቅ የሚለው ሃርድ ዲስክ፦ የአራት ሳምንት የጥገና ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

ኮምፒውተሬ ስታክ ማድረግ ከጀመረ ሰነባብቷል። ዛሬ ግን ባሰበት። ዊንዶውሱ ያለው ኤስኤስዲ ላይ ስለሆነ አነሳሱ ደህና ነው። ጉዱ የሚጀምረው ዲ ድራይቭን ስከፍት ነው። መስኮቱ ድርቅ ይላል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም ነገር አይንቀሳቀስም፣ ከዚያ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ድራይቩ ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ጠፋ። ሪስታርት ሳደርገው ተመልሶ መጣ።

ዲ ማለት ባለ 3.5 ኢንች፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ነው። የኬዙን የጎን ክዳን ከፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የተለመደው የመሽከርከር ድምፅ አለ። ከመሃል ግን ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ጠቅ። ልቤ ድንግጥ አለ። እዚህ ዲስክ ላይ አባቴ ከማረፉ በፊት ቁጭ ብሎ ስለ ልጅነቱ ያወራኝ 14 የድምፅ ቅጂ አለ። ሌላ ቦታ አልገለበጥኳቸውም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ዓመታት አለፉ።

ኢቨንት ቪወርን ከፍቼ የስህተት መዝገቡን አየሁ። ሦስት ቁጥሮች ይደጋገማሉ። 153፣ ማለትም ንባቡ አልሳካ ብሎ እንደገና ተሞክሯል። 129፣ ዲስኩ መልስ ስላልሰጠ ሪሴት ተደርጓል። 7 ደግሞ ባድ ብሎክ አለ ነው የሚለው።

ሰኞ ማታ፣ የመጀመሪያው ስህተት

ሳላስብ ቼክዲስክን፣ የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ፣ ባድ ሴክተር (ሴክተር ማለት ዲስኩ ዳታ የሚይዝባት ትንሿ ክፍል ናት) እንዲፈልግና እንዲያስተካክል አዝዤ አስጀመርኩት። አምስት ሰዓት ሠርቶ 11 በመቶ ላይ ነበር። ጠቅታው እየተደጋገመ ሲሄድ ነው የነቃሁት። ቼክዲስክ የሚያስተካክለው የፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚይዘውን መዝገብ እንጂ ዲስኩን አይደለም። ማንበብ ያቃተውን ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስነብበዋል፣ በዚያ ላይ ያላነበበውን መዝገብ እንደተበላሸ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። አቋረጥኩት። በማግስቱ ሳየው አንድ የፎቶ ፎልደር ባዶ ሆኗል፣ ፋውንድ የሚል አዲስ ፎልደር ተፈጥሯል፣ ውስጡ ስማቸው የጠፋ ቁርጥራጭ ፋይሎች አሉ። ዲስክ ድምፅ ካሰማ ቼክዲስክ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ፎልደር ነው።

ሳምንት 1፣ ረቡዕ

የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን፣ በስማርትሞንቱልስ አነበብኩት። ከላይ አጠቃላይ ውጤቱ “አልፏል” ይላል። ይህቺን ቃል አትመኑ። ዲስኩ ሊሞት እያጣጣረ “አልፏል” ሊል ይችላል። መታየት ያለባቸው ከታች ያሉት ጥሬ ቁጥሮች ናቸው። ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው፦

ቁጥር 5፣ በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች፦ 16
ቁጥር 197፣ ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸው፦ 40
ቁጥር 198፣ ሊታረሙ ያልቻሉ፦ 40
ቁጥር 199፣ የሲአርሲ ስህተት፦ 1874
የሠራበት ሰዓት፦ 31,200

የመጨረሻው ቁጥር ሲካፈል 1,300 ቀን ነው፣ ሌት ተቀን። ብዙ ሠርቷል።

ዓይኔ የቀረው 199 ላይ ነው። ይህ ቁጥር ስለ ዲስኩ ሆድ አይናገርም። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መሃል ሲመላለስ የተበላሸ ዳታ ስንት ጊዜ እንደተያዘ ነው የሚቆጥረው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብል ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ሳነበው 1886 ሆኗል። በአንድ ሰዓት 12 ጨመረ።

ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ነቀልኩት። ቀይ ነው፣ ከዲስኩ መደርደሪያ ጀርባ እንደ ወረቀት ታጥፎ ኖሯል። እጥፋቱ ላይ ላስቲኩ ነጣ ብሏል። ጫፉ ላይ ያለችው የብረት መቆለፊያ ተሰብራ ወድቃለች፣ ስለዚህ ሶኬቱ ውስጥ የተቀመጠው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። በጣቴ ትንሽ ስነካው ይወዛወዛል። የኬዙ ፋን በዞረ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው። መቆለፊያ ያለው አዲስ ኬብል ገባለት፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ የሳታ ፖርት መረጥኩ።

199 ወደ ዜሮ አይመለስም። የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው። ማታ ላይ 1886። ሐሙስ 1886። ዓርብ 1886። ቆሟል።

ሳምንት 2

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ፣ ከመጀመሪያውም የሚብሰውን። ተገላገልኩ ብዬ ክዳኑን ገጥሜ፣ ቪሱን አጥብቄ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዲስኩም አይጠፋም፣ መስኮቱም እንደ በፊቱ አይደርቅም። አንድ ምክንያት ሳገኝ ሌላ መፈለግ አቆምኩ። ወረቀቱ ላይ ግን 197 ቁጥር 40 ብሎ ቁጭ ብሏል። ኬብል ባድ ሴክተር አይፈጥርም።

ቅዳሜ ጠቅታው ተመለሰ። 197 አሁን 88 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የ8 ብዜት መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ይህ ዲስክ በውስጡ የሚጽፈው በ4096 ባይት ሴክተር ነው፣ ለውጭ ግን 512 ባይት ነኝ ይላል። አንድ እውነተኛ ሴክተር ሲበላሽ ስምንት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ 40 ማለት አምስት የተበላሸ ቦታ፣ 88 ማለት 11 ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። የሚያስፈራው በሳምንት ከእጥፍ በላይ ማደጉ ነው።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። የዲስኩን የፓወር ገመድ ነቀልኩት። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ዲስክ የሚበራው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፣ ለመገልበጥ።

ምክር የሰጡኝ ብዙ ናቸው። አንዱ ፍሪዘር ውስጥ አድርገው አለኝ። አላደርገውም። ከቅዝቃዜ ሲወጣ ላብ ያወጣል፣ ያ እርጥበት ሳህኖቹ ላይ ከተቀመጠ ያለቀለት ነው። ሌላው ክፈተው አለ። ማንበቢያ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት እጅግ ትበልጣለች። ቤት ውስጥ የተከፈተ ዲስክ ተመልሶ በሰላም አይዞርም።

ሳምንት 3፣ ዝግጅት

የገባው ዕቃ፦ አዲስ 2 ቴራባይት ዲስክ፣ ሁለት የሳታ ኬብል፣ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ፣ መልቲሜትር፣ ካቻቪቴ። መቅጃው ፕሮግራም ዲዲሬስኪው ነው። ተራ ኮፒ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ይንገታገታል። ዲዲሬስኪው ግን ዘሎት ያልፋል፣ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ለሚያጣጥር ዲስክ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የዲስኩ ዕድሜ ሳያልቅ ብዙውን ማትረፍ።

ከመጀመሬ በፊት ራሙን በሜምቴስት አንድ ሌሊት አስፈተሽኩት። አራት ዙር፣ ዜሮ ስህተት። ራም ከተበላሸ ደህናውን ዳታ ራሱ እያበላሸ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ ሌሊቱ አልባከነም።

ማክሰኞ። ኬዙን ላለመፈታታት ብዬ በዩኤስቢ አዳፕተር ሞከርኩ። ለ3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልት የሚሰጥ የራሱ ፓወር አለው። አልሆነም። ባድ ሴክተር ላይ በደረሰ ቁጥር አዳፕተሩ ራሱ ሪሴት ያደርጋል፣ ዲስኩ ይጠፋል፣ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ሄደ። በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ይሻላል።

ረቡዕ። ሁለቱንም ዲስኮች ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ። እዚህ ላይ እጄን የያዘኝ አንድ ወረቀት ነው። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም በሪስታርት ሊቀያየር ይችላል። ትናንት አሮጌው የነበረው ዛሬ አዲሱ ሊሆን ይችላል። ምንጩንና መድረሻውን ያቀያየረ ሰው ባዶውን ዲስክ በአባቱ ድምፅ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ የሁለቱንም ሴሪያል ቁጥር ፕላስተር ላይ በትልቁ ጽፌ ዲስኮቹ ላይ ለጠፍኩ፣ ትእዛዙን ከመስጠቴ በፊት ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየሁ። በትእዛዙ ላይ የጻፍኩት ተገልብጦ ነበር። አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ጀመረ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ። ጥሩ ነው። አንዳንድ ቦታ ወደ 2 ሜጋባይት ይወርዳል፣ ጠቅ ይላል፣ ያልፋል። የዲስኩ ሙቀት 52 ዲግሪ ሲደርስ ትንሽ የጠረጴዛ ፋን ፊቱ አቆምኩለት። ወደ 38 ወረደ።

ረቡዕ ማታ፣ ሦስተኛው ስህተት

61 በመቶ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ በራሱ ተነሳ።

ዲዲሬስኪው የት እንደደረሰና የቱ ቦታ እንዳልተነበበ የሚጽፍበት ማፕፋይል አለው። ቢቋረጥም ከዚያው ይቀጥላል። እኔ ግን ማፕፋይሉን ያስቀመጥኩት ከፍላሽ በተነሳው ሊኑክስ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ያለው ራም ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንን የደከመ ዲስክ ያስሮጥኩት ያለ ማስረጃ ሆነ። ከዚህ በኋላ ማፕፋይሉ ሌላ ፍላሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ማስታወሻ የወሰደ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ሐሙስ። ለምን ጠፋ? ራሙ ተፈትሿል። ፕሮሰሰሩ አልጋለም። የቀረው ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጌ ከትርፍ የፓወር ሶኬት ላይ ለካሁ። ጥቁሩ ሽቦ መሬት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት ነው። የሚፈቀደው መዛነፍ አምስት በመቶ ነው፣ ለ12 ቮልት ከ11.40 እስከ 12.60።

ሥራ ሳይበዛበት ቢጫው 11.8 አለ። ደህና። ከዚያ አጥፍቼ፣ መልቲሜትሩን ሳልነቅል አበራሁ። ዲስኮቹ ሲነሱ ነው ዋናው ጭነት የሚመጣው። አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ ላይ ወደ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ እዚህ ደግሞ ሁለት ናቸው። ቁጥሩ 11.3 ሆነና ቀስ ብሎ ወደ 11.7 ወጣ። ከገደቡ በታች ነው።

በፓወር ሳፕላዩ ወንፊት በኩል በባትሪ መብራት አየሁት። ከካፓሲተሮቹ፣ ቻርጅ ከሚይዙት ትንንሽ በርሜል መሰል ዕቃዎች፣ ሁለቱ አናታቸው እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን ጎበጥ ብሏል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ቡናማ ነገር ደርቆበታል። አልከፈትኩትም። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ሰው የሚጎዳ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ የሙያው ሰው ካልሆኑ በቀር ሳይከፍቱ መቀየር ነው።

ከሌላ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ አውጥቼ ቀየርኩ። አሁን ሲነሳ 12.0፣ ሲረጋጋ 12.1። ዲስኩን ያደከመው ይህ ይሁን ዕድሜው፣ ከዚህ በኋላ መለየት አይቻልም። ሌላውን ዲስክ እንዳይደግመው ግን ከቤቱ ወጥቷል።

ሳምንት 4፣ ግልበጣ

ሰኞ። ከዜሮ ጀመርኩ። ማፕፋይሉ ፍላሽ ላይ። የመጀመሪያው ዙር አምስት ሰዓት ወሰደ። ያልተነበበው 2.1 ሜጋባይት። ከ1 ቴራባይት ላይ 2.1 ሜጋባይት። ዲስኩን አጥፍቼ አሳረፍኩት፣ እኔም ተኛሁ።

ማክሰኞ። ሁለተኛው ዙር ያልተነበቡትን ክልሎች ከዳርና ከዳር እየፋቀ ያጠባቸዋል። ቀስ ያለ ሥራ ነው። ለአንድ ሴክተር ብዙ ሰከንድ ይታገላል። ዘጠኝ ሰዓት። የቀረው 90,112 ባይት፣ ማለትም 22 ሴክተር።

ረቡዕ። ሦስት ጊዜ እንዲደግም አዘዝኩት። አንድ በአንድ እየወረደ 53,248 ባይት ላይ ቆመ። 13 ሴክተር። አራተኛ ሙከራ ምንም አልጨመረም። ጠቅታው አሁን የማያቋርጥ ሆኗል። በቃ አልኩ። ዲስኩ የሰጠኝን ሰጥቶኛል።

ሐሙስ። 13ቱ የት ነው የወደቁት? ዲዲሬስኪው ቅጂው ላይ ባዶ የቀሩትን ቦታዎች በመረጥከው ጽሑፍ መሙላት ይችላል። “እዚህ ጠፍቷል” በሚል ቃል ሞላኋቸው፣ ከዚያ ያንን ቃል በሁሉም ፋይሎች ውስጥ ፈለግኩ። ሰባቱ ምንም ፋይል ያልያዘ ባዶ ቦታ ላይ ናቸው። ሦስቱ እንደገና ሊወርድ የሚችል የፕሮግራም መጫኛ ውስጥ። ሁለቱ አንድ ፎቶ ውስጥ፣ ከግማሹ በታች ግራጫ ሆኗል።

አንዱ ከአባቴ ቅጂዎች በአንዱ ውስጥ ነው።

ቼክዲስክ ባዶ ያደረገውን የፎቶ ፎልደር ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ከቅጂው ላይ አስለቀምኩት። ከአሮጌው ዲስክ ላይ አይደለም፣ ከቅጂው ላይ። አብዛኛው ወጣ፣ ስማቸውና ቀናቸው ግን የለም። ለዚያ ፎልደር አሁንም አዝናለሁ።

ዓርብ። ቅጂው ሦስተኛ ቦታ ላይ ከተገለበጠ በኋላ በአሮጌው ዲስክ ላይ አንድ ሙከራ አደረግኩ። ሙሉውን በዜሮ ጻፍኩበት። 197 ከ104 ወደ 0 ወረደ፣ 5 ደግሞ ከ16 ወደ 64 ወጣ። ዲስኩ ሲጻፍበት አንዳንዱን ቦታ በመጠባበቂያ ተካ፣ አንዳንዱን ደህና ነው ብሎ መልሶ ተቀበለው። ሪፖርቱን ያየ ሰው “ተጠግኗል” ይላል። ባድ ሴክተር እንጠግናለን የሚሉት ፕሮግራሞች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ከሁለት ቀን ተከታታይ ንባብ በኋላ 197 እንደገና 24 ሆነ። ፕላስተሩ ላይ “አይሠራም፣ ዳታ አይቀመጥበትም” ብዬ ጻፍኩበት።

እሑድ

ወጪው፦ አንድ ዲስክ፣ ኬብሎች፣ አንድ ፓወር ሳፕላይ፣ ወደ 60 የሚሆን የሥራ ሰዓት፣ አንድ በቅጡ ያልተመለሰ የፎቶ ፎልደር፣ አንድ ግማሽ ፎቶ።

የተነካው የአባቴ የድምፅ ቅጂ ዋቭ ፋይል ነው። ያልተጨመቀ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ 176,400 ባይት ይሄዳል፣ የጠፋው አንድ ሴክተር፣ 4096 ባይት፣ ለዚህ ሲካፈል 23 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቦታው ከፋይሉ መጀመሪያ 318,767,104 ባይት ላይ ነው፣ ያ ደግሞ 30ኛው ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ምልክት ያደረግኩበትን ጽሑፍ አጥፍቼ በዜሮ ሞላሁት፣ አለዚያ ስንጥቅ ያለ ድምፅ ያሰማል።

ሄድፎን አድርጌ ከ29ኛው ደቂቃ ጀመርኩ። አባቴ ወንዝ ሞልቶ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የቀረበትን ቀን እያወራ ነው። “ውሃው እዚህ ድረስ” ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ የሸሚዙ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ “እናቴ ደግሞ” ብሎ ትንፋሹን ይስባል። እዚያች ትንፋሽ ላይ ዓይን ከምትጨፈን ያነሰች ጸጥታ አለች። ስክሪኑ ላይ ሞገዱን ሳሰፋው ቀጥ ያለች መስመር ሆና ትታያለች። በጆሮ ግን ሦስት ጊዜ መልሼ ሰምቼ አላገኘኋትም። ቀጥሎ “ማዶ ቆማ ትጠራኛለች” ይላል፣ ድምፁ ሙሉ ነው።